ኮዱ የሁሉም፣ ቁልፉ የማን?

ባለፈው ዓመት እኔ አባል የሆንኩበት አንድ የተማሪዎች ክበብ የቴሌግራም ቻናሉን አጣ። ቻናሉ አልተዘጋም፤ ማንም አልሰረቀውም፤ ዛሬም ስሙን ጽፎ ለፈለገው ሰው ቁጭ ብሎ ይገኛል። የጠፋው የሚከፍተው ሰው ነው። ቻናሉን የፈጠረው ልጅ ተመርቆ ወጣ፣ ከወጣ በኋላ ሲም ካርዱን ቀየረ፣ አካውንቱም ከድሮው ቁጥር ጋር አብሮ ቀረ። እኛ የቀረነው አባላት አንዲት ማስታወቂያ እንኳን የመለጠፍ መብት አልነበረንም። ልጁን በስንት መከራ አፈላልገን ስንደውልለት «እኔ እኮ እናንተም ያላችሁ መስሎኝ ነበር» አለን። ምን ይደረግ? አዲስ ቻናል ከፈትንና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ወደዚህ ኑ» ብለን ለጠፍን። ከድሮዎቹ ተከታዮች ግማሾቹ እንኳን አልመጡም።

መቼም አንድ ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ ክሊራንስ መጨረሱ የታወቀ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ይመልሳል፣ የዶርሙን ፍራሽና ቁልፍ ያስረክባል፣ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ያስፈርማል። አንዲት መጽሐፍ ብትጎድልበት ዶክመንቱን አያገኝም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያነቡትን ቻናል ቁልፍ በኪሱ ይዞ ሲወጣ ግን «አስረክበሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ክሊራንሱ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለማ!

ነገሩ እየከነከነኝ ሳነብና ሳጠያይቅ ችግሩ የእኛ ክበብ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በዓለም ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚገለገሉባቸው የቻት ሰርቨሮችም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ያውቃሉ። ያውም በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነበት ሰፈር። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ የቻት ሰርቨር ፕሮጀክት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ የትኛው ነገር በቀላሉ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚያጣላ ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ አንድ ነገር ያስብልኝ፡- እኛ ጋዜጠኛ ስንሆን ከዜና ምንጮቻችን ጋር የምናወራው በእንዲህ ዓይነት ሰርቨሮች በኩል ነው። የሰርቨሩ ቁልፍ እጅ ሲቀይር ምንጫችንን «ትስማማለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይኖርም።

ከኦሉ የተነሳው ፕሮግራም

ቻት ሰርቨር መልእክትን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የተተከለበትንም ኮምፒውተር ሰርቨር ይሉታል። በስልካችን ላይ የምናየው ደጃፉን ብቻ ነው። ሰርቨሩ ኦፕን ሶርስ ከሆነ ኮዱን ማንም አውርዶ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ከፈለገም በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተክሎ የራሱን መረብ ያቋቁማል።

የዚህ ቤተሰብ አያት አይ.አር.ሲ ይባላል። ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1988 በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጻፈው ነው። አይ.አር.ሲ ከቴሌግራም የሚለየው የአንድ ኩባንያ ንብረት ባለመሆኑ ነው። ሰርቨሮቹ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በአንዱ በኩል የገባ ሰው በሌላው በኩል ከገባው ጋር ያወራል። በዚህም ምክንያት «ማን ይያያዝ? ማንስ ይወስን?» የሚለው ጥያቄ አብሮት ተወለደ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በካሊፎርኒያ በርክሊ የነበረ ኤሪስ የሚባል ሰርቨር የፈለገ ሁሉ ያለ ፈቃድ እንዲያያዝበት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሌሎቹ ይህንን አልወደዱትም፤ ተለይተው የራሳቸውን መረብ አቆሙና «ከኤሪስ ነፃ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት። ኢኤፍኔት የሚባለው መረብ ይኸው ነው። ስሙ ራሱ ጥል ነው እንግዲህ።

ኮዱ ግን ያለ ጠብ ነው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው። ኦይካሪነን የጻፈውን ብዙ ሳይቆይ ሌሎች ፕሮግራመሮች ተቀባበሉት፤ የአይ.አር.ሲን አሠራር የሚደነግገው ይፋ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ከእሱ ስም ጎን የዳረን ሪድ ስምም ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ የዘር ቆጠራ ነው። ከድሮው ኮድ ሃይብሪድ ወጣ፣ ከሃይብሪድ ራትቦክስ፣ ከራትቦክስ ካሪብዲስ፣ ከካሪብዲስ ደግሞ ሶላነም ተወለደ። አንዱ ሲደክመው ወይም ከጓደኞቹ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ሌላው ኮዱን ገልብጦ በአዲስ ስም ይቀጥላል። ይህንን ፎርክ ይሉታል። ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ፈቃዱ ከኮዱ ጋር አብሮ የተጻፈ ነውና።

ታዲያ ኮዱ እንዲህ በነፃ የሚያልፍ ከሆነ የሚያጣላው ምንድን ነው?

ኮድ ያልሆነው ነገር

አንድን ፕሮጀክት የሚንከባከበውን ሰው ሜንቴነር ይሉታል፤ እኔ ጠባቂ ብዬዋለሁ። ጠባቂ የስህተት ሪፖርት ያነባል፣ ሌሎች የላኩትን ማስተካከያ መርምሮ ይቀበላል ወይም ይመልሳል፣ አዲስ እትም ያወጣል፣ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ወሬው ሳይሰማ ለመድፈን ይሯሯጣል። ብዙውን ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ ከመደበኛ ሥራው መልስ፣ ማታ ማታ ነው የሚሠራው። ከዚህ ሥራ ጋር ግን በእጁ የሚገቡ ቁልፎች አሉ። የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበበት አካውንት አንዱ ነው፤ በወቅቱ ካልታደሰ አድራሻው ለሌላ ይሸጣል። ኮዱ የተቀመጠበት ቦታ ዋና የይለፍ ቃል አለ። አዲሱ እትም በእርግጥ ከፕሮጀክቱ መውጣቱን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ አለ። ፕሮጀክቱ ሰርቨር እያንቀሳቀሰ ሰው የሚያስተናግድ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የከበደው የተጠቃሚዎች መዝገብ ነው፡- ማን በምን ስም እንደተመዘገበ፣ ኢሜይሉ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የትኛው ቻናል የማን እንደሆነ። ሰርቨሩን የያዘ ሰው በተጨማሪ ማን ከየት ሆኖ እንደሚገባ ማየት ይችላል።

ፊርማውን ቀለል አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ አንሪል አይአርሲዲ የተባለውን የቻት ሰርቨር ታሪክ ልንገረው። የዚህ ፕሮግራም 3.2.8.1 የተባለ እትም በአንዳንድ የማውረጃ ቦታዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2009 ጀምሮ በሌላ ተተክቶ ነበር። የተተካው ፋይል ከዋናው የሚለየው በጥቂት መስመር ነው። በተወሰኑ ፊደላት የሚጀምር መልእክት ሲደርሰው የቀረውን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ይፈጽመዋል፤ ማለትም ሰርቨሩ የማንም መጫወቻ ይሆናል። ይህ የታወቀው በጁን 2010 ነው። ሰባት ወር! ኮዱ ክፍት ነበር እኮ፤ ማንም ማንበብ ይችል ነበር። ግን ማን ያነባል? አብዛኛው ሰው አውርዶ ይተክላል። ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱ ሰዎች እትሞቻቸውን በዲጂታል ፊርማ ማውጣት እንደገና እንደሚጀምሩ አስታወቁ፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ሰው በጣም ጥቂት መሆኑንም አልደበቁም።

እንደ እኔ እንደ እኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሰርቨር የሚያምነው ኮዱን አንብቦ ሳይሆን ከኮዱ ጀርባ የቆመውን ሰው አምኖ ነው። ስለዚህ ጠባቂ ሲለወጥ የሚተላለፈው ይህ እምነት ነው፤ በፎርክ ደግሞ እምነት አይገለበጥም።

ታፔላውን የገዛው ሰው

ፍሪኖድ በአንድ ወቅት የኦፕን ሶርስ ሰዎች አደባባይ ነበር። ኡቡንቱን የሚሠሩት፣ ጀንቱን የሚሠሩት፣ የዊኪሚዲያ ሰዎች፣ ሁሉም ቻናላቸውን የከፈቱት እዚያ ነው። አመጣጡ ከሮብ ሌቪን ይጀምራል። ይህ አሜሪካዊ በ1990ዎቹ የሊኑክስ ጀማሪዎችን ለመርዳት የያዘው አንድ ቻናል አድጎ ራሱን የቻለ መረብ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሪኖድ የሚለውን ስም ያዘ። በሴፕቴምበር 2006 ሌቪን በሂውስተን ከተማ በብስክሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት አመለጠ፣ እሱም ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። 

አስቡት፤ መሥራቹ በድንገት ሞተ፣ ርክክብ የለ፣ ስንብት የለ። ሆኖም መረቡ አልወደቀም። አንደኛ ሥራውን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ክሪስቴል ዳልስኪየር ኃላፊነቱን ተረከበች። ሁለተኛ በሕግ የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነበረው፤ መረቡ የሌቪን የግል ዕቃ ተደርጎ አልተቆጠረም።

ሞት ያላፈረሰውን ወረቀት አፈረሰው። ያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረሰና መረቡ ያለ ሕጋዊ ቤት ቀረ። በ2017 ደግሞ ፍሪኖድ ሊሚትድ የሚባል ኩባንያ ብቅ አለና በእሱ በኩል ባለቤትነቱ ወደ አንድሩ ሊ ተሻገረ። ይህ ሰው ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ የተባለውን የቪፒኤን ኩባንያ የመሠረተ ነጋዴ ነው። የመረቡ በጎ ፈቃደኞች ኋላ እንደተናገሩት የስምምነቱን ዝርዝር አያውቁትም ነበር። እነሱም ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ሰርቨሮቹም መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ለአራት ዓመት ያህል በተጠቃሚው ዘንድ የተለወጠ ነገር አልታየም። ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ሲንከባለል ቆይቶ አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ወራት ዳልስኪየር ከኃላፊነቷ ስትለቅ ፈነዳ። የድረ ገጹ አድራሻ በማን እጅ ነው? ማን ነው የሚያዘው? ሊ «ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው» አለ። በጎ ፈቃደኞቹ «መረቡ የማኅበረሰቡ ነው፣ የማይሸጥ ነገር ነው የተሸጠው» አሉ። ሜይ 19 ቀን 2021 አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን ለቀው ሊቤራ ቻት የተባለ አዲስ መረብ ከፈቱ።

ማን ነው ትክክል? መምህሮቻችን ሁለቱንም ወገን አቅርቡ ይሉናልና ላቅርብ። በወረቀት ከሄድን ኩባንያውም ስሙም የሊ ነበር፤ የገዛ ሰው «የኔ ነው» ቢል አይገርምም። በሥራ ከሄድን ግን ሠራተኞቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ነበሩ፣ ሰርቨሮቹን በነፃ የሚያቀርቡት ደጋፊዎች ነበሩ፣ ሰዉ ደግሞ በራሱ ፈቃድ የመጣ ነበር። እነዚህን ማንም ሊሸጣቸው አይችልም። በእኔ ግምት ሊ የገዛው ታፔላውን ነው። ሱቁን የገዛ መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንን የሚያሳይ ይመስለኛል። ብዙ ቻናሎች በራሳቸው ገጽ አናት ላይ «ወደ ሊቤራ ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። በሜይ 26 አዲሱ አስተዳደር እንዲህ የጻፉትን ወደ 700 የሚጠጉ ቻናሎች ከባለቤቶቻቸው ነጥቆ ያዛቸው። በጁን ወር ደግሞ የስሞችንና የቻናሎችን መዝገብ በሙሉ ትቶ በአዲስ ሶፍትዌር ከባዶ ጀመረ። ለአስራ አምስት ዓመት በአንድ ስም ሲታወቅ የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲገባ እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ኡቡንቱ፣ ጀንቱ፣ ዊኪሚዲያና ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ወደ ሊቤራ ሄዱ።

ሊቤራን የከፈቱት ሰዎችስ ምን ይዘው ወጡ? ኮዱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ሊቤራ የሚሠራው ከላይ በጠቀስኩት በሶላነም ነው። የተጠቃሚዎች መዝገብ ግን አዲሱ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ የመጣ ሁሉ ስሙንም ቻናሉንም እንደ አዲስ አስመዘገበ። ይህ ለተጠቃሚው አድካሚ ነበር። ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ክፍል ይኸው ነው። በፍሪኖድ በኩል ማንም ሳይጠየቅ የሚሊዮኖች ባይሆንም የብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ ባለቤቱ ተለወጠ፤ በሊቤራ በኩል ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ ተመዘገበ። መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

ሰዉም መጣላቸው። የእኛ ክበብ ተከታዮች ግማሾቹ እንኳን ሳይመጡ እነዚህ እንዴት ተሳካላቸው ብዬ አሰብኩ። ልዩነቱ እኛ ያለ ስም ወረቀት መለጠፋችን ይመስለኛል። እነሱ በየስማቸው ደብዳቤ ጽፈው፣ ለምን እንደለቀቁ ዘርዝረው ነው የወጡት፤ ተጠቃሚው ደግሞ ለዓመታት ችግር ሲገጥመው የረዱትን ሰዎች በስም ያውቃቸዋል።

የሊቤራ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ላለመሸወድ መረቡን በስዊድን አገር ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አድርገው አስመዘገቡት። አባላቱ በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ንብረቱ የማኅበሩ እንጂ የግለሰብ አይደለም። እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ዳኛው ይለወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ይለወጣል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ግን የእድሩ ነው።

ለማን?

እስካሁን ያየነው ባለቤቱ ሳይታወቅ ስለቀረ ነገር ነው። በሕይወት ያለ፣ ፈቅዶ የሚያስረክብ ጠባቂም ቢሆን ሌላ አደጋ አለበት፤ ተረካቢውን ማወቅ። ለዚህ የማነሳው ምሳሌ ቻት ሰርቨር አይደለም። ኤክስዜድ የሚባል የፋይል መጠን የሚቀንስ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ቻት ሰርቨሮች በብዛት የሚተከሉበት ሊኑክስ ውስጥ ስለሚገኝ ጉዳዩ ሁሉንም ይነካል። ጠባቂው ላሴ ኮሊን ለዓመታት ብቻውን ነበር የያዘው። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ጨምርበት» የሚሉ መልእክቶች ይጨቀጭቁት ጀመር። እሱም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው መሆኑንና ጤናውም እንዳስቸገረው መለሰ። በዚሁ ጊዜ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ትሑትና ታታሪ ረዳት አጠገቡ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልፍ ተሰጠው፣ እትም ማውጣት ጀመረ። በ2024 መጀመሪያ በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ ወደ ሰው ኮምፒውተር በስውር የሚያስገባ በር ደበቀ። በማርች 29 ቀን 2024 ይህንን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ነቅቶ የያዘው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ነው። የጂያ ታን እውነተኛ ማንነት በይፋ አልታወቀም።

ኮሊንን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሰውም። ብቻውን የደከመ ሰው እጁን የዘረጋለትን ሁሉ ማመኑ አይቀርም። «ቶሎ አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ከነበሩት መካከል ግን ጭነቱን ላግዝህ ብሎ የመጣው ያው የተንኮለኛው ሰው ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

ደህና ርክክብም የለም ማለት አይደለም። ዙሊፕ የተባለው የቻት ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2012 በትንሽ ኩባንያ ተጀመረ፣ በ2014 ድሮፕቦክስ ገዛው። እንዲህ የተገዙ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ድሮፕቦክስ ግን በሴፕቴምበር 2015 ኮዱን ኦፕን ሶርስ አድርጎ ለቀቀው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቲም አቦትም ፕሮጀክቱን መምራቱን ቀጠለ። ኮዱም፣ ስሙም፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰውም አንድ ላይ አለፉ። ስለዚህ ርክክብ ብዙ የሚተርክ አላገኘሁም፤ ጠብ ስላልነበረው ይሆናል።

ወደ ክበባችን ልመለስ። የአዲሱ ቻናል ባለቤት አሁን እኔ ነኝ። ቴሌግራም ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ማስገባትን ይጠይቃል፤ ያም ከተከፈተ ሰባት ቀን ካልሞላው ማስተላለፍ አይፈቅድም። የምረቃ ዕለት በጥድፊያ የሚሠራ ነገር አይደለም ማለት ነው። እኔ ከወዲሁ ከፍቼዋለሁ። በክበቡ መዝገብ ላይም ቻናሉ የክበቡ ንብረት መሆኑን፣ ባለቤቱ በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንደሚያስረክብና ሁለት አስተዳዳሪዎች ምንጊዜም አብረውት እንደሚኖሩ ጽፈን እኔና ጸሐፊዋ ፈርመናል። ሦስተኛው የፊርማ ቦታ የአማካሪ መምህራችን ነው። እስካሁን አልፈረሙም፤ ቢሯቸው ስሄድ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ።